በረዶ በስቶ ዓሣ ማጥመድ፦ ከአብሮ አደጌ ጋር ሚኒሶታ ላይ የዋልነው ውሎ (ለድሬና ለሐረር ልጆች)

የከዚራ ልጅ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሰላም ሐረሮች።

ከአሜሪካ፣ ከሚኒሶታ ክልል ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እውነት ሐይቅ ላይ መኪና ይነዳል?» አዎ፣ ይነዳል። ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ ከማወራ እዚሁ ልጻፈው። ጥያቄ ያለው ከስር ይጠይቅ። ጓደኛዬም እዚህ መድረክ ላይ ስላለ የጎደለውን ይሞላል።

ጓደኛዬ አብሮ አደጌ ነው። ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ ስንራገጥ ነው ያደግነው። ሚኒያፖሊስ ከገባ ቆይቷል፤ ልጆቹም እዚያው ተወልደዋል። ዘንድሮ ጥር ላይ ልጠይቀው ሄድኩ። አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰኝና «ተነስ፣ ዓሣ ልናጠምድ ነው» አለኝ። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነው። የድሬን ሙቀት ለለመደ ሰው ቁጥሩ ብቻውን ያንቀጠቅጣል።

መጀመሪያ አለባበሴን አስተካከለልኝ። ከውስጥ ገላ ላይ የሚጣበቅ ስስ የሱፍ ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ የማያስገባ ካፖርትና ሱሪ። ጥጥ ከለከለኝ። ጥጥ ላብ ይይዛል፤ የረጠበ ጥጥ ደግሞ በዚያ ብርድ ገላ ላይ ይቀዘቅዛል። ከዚያ አንገቴ ላይ በገመድ የተያያዙ ሁለት እጀታዎች አንጠለጠለልኝ። ጫፋቸው ላይ ሹል ብረት አላቸው። «በረዶው ተሰብሮ ከገባህ እነዚህን እየሰካህ ነው የምትወጣው» አለኝ። ሲናገር ፈገግ እንኳን አላለም።

የሄድንበት ሐይቅ ሚል ላክስ ይባላል። ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ሐዋሳን አምስት ጊዜ ያህል ማለት ነው። ጥልቀቱ ግን ያን ያህል አይደለም፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 13 ሜትር ገደማ ነው። ዳሩ ላይ ቆመህ ብታይ ማዶው የለም፣ ነጭ ሜዳ ብቻ። ሜዳው ላይ መንገድ ተጠርጎበታል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ትናንሽ ቤቶች ተተክለዋል፣ ከጣሪያቸው ጭስ ይወጣል። አንዳንዶቹ ጎማ ያላቸው ናቸው። በመኪና ተጎትተው ይመጡና በረዶው ላይ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። ውስጣቸው አልጋም ምድጃም አለ።

መንገዱን የሚጠርጉት የሐይቁ ዳር ሎጅ ባለቤቶች ናቸው። መግቢያ ያስከፍላሉ። ጓደኛዬ የዛሬው የበረዶ ውፍረት ስንት እንደሆነ ጠየቃቸውና ነገሩት። እሱ ግን በዚህ አልረካም። መኪናውን ካቆምን በኋላ ረጅም የብረት ዘንግ ይዞ ከፊቴ እየቀደመ በየጥቂት እርምጃው በረዶውን ይወጋ ነበር። ድምፁን ያዳምጣል። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ እንቀጥላለን።

ቦታ መረጥንና መሰርሰሪያውን አወጣ። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል፣ ጫፉ ላይ ምላጭ አለው፣ በባትሪ ይሰራል። ሲጀምር ተፈጭቶ የሚወጣው በረዶ እንደ ጨው ነጭ ነው። እየጠለቀ ሲሄድ ይረጥባል፣ ይጠቁራል። ድንገት እጁ ላይ ያለው ነገር ቀለል ይልና ጥቁር ውሃ ከስር ጉብ ብሎ ይወጣል። ጎንበስ ብዬ ወደ ቀዳዳው አየሁ። የቀዳዳው ግድግዳ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው፤ ቁልቁል ክንድ ሙሉ ያህል በረዶ ይታያል። ከዚያ በታች ጨለማ። የቆምኩበት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ቀዳዳው ላይ የሚንሳፈፈውን የበረዶ ፍርፋሪ በወንፊት ጭልፋ አጠራነው። ብርዱ ቶሎ ቶሎ መልሶ ስለሚዘጋው ቀኑን ሙሉ ስንጠርግ ነው የዋልነው። ላዩ ላይ ተጣጥፎ የሚዘረጋ ድንኳን ተከልን፣ ትንሽ የጋዝ ማሞቂያ አበራን፣ በባልዲ ላይ ተቀመጥን። የማጥመጃው ዘንግ አጭር ነው፣ ከክንድ ትንሽ የሚበልጥ። ከፊትህ ቀዳዳ እንጂ ባሕር ስለሌለ የሚወረወር ነገር የለም። ክሩን ቁልቁል ትለቃለህ፣ መሬት ሲነካ ትንሽ ከፍ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ዘንጉን በዝግታ ነቅነቅ፣ ዝም፣ ነቅነቅ። መንጠቆው ላይ ትንሽዬ ዓሣ ነበረች።

የመጀመሪያው ዓሣ ሲነክስ የዘንጉ ጫፍ ጎንበስ ያለችው በጣም በትንሹ ነው። ጓደኛዬ «ሳብ!» አለኝ። የወጣው ፐርች የሚሉት ነው። አረንጓዴ ቢጫ ነው፣ ጎኑ ላይ ከላይ ወደታች የወረዱ ጥቁር መስመሮች አሉት፣ የሆዱ ክንፎች ብርቱካናማ ናቸው። ከድንኳኑ ውጭ በረዶው ላይ ካስቀመጥነው ብዙም ሳይቆይ እንደ እንጨት ደረቀ።

ወደ ምሽት ሲሆን ግን ሌላ ነገር መጣ። ክሩ ከብዶ ቁልቁል ሄደ። ቀስ እያልኩ አወጣሁት። ዎልአይ ይሉታል፣ እዚያ አገር ሁሉም የሚፈልገው ዓሣ እሱ ነው። ጀርባው ወርቅማ ነው፣ የጭራው የታችኛው ጫፍ ነጭ ነው፣ ዓይኑ በመብራት ሲታይ ያበራል። እኔ ደስታ ሊገድለኝ ነው። ጓደኛዬ ግን ከሳጥኑ ውስጥ ማስመሪያ አወጣ። ዓሣውን አስተኝቶ ከአፉ እስከ ጭራው ለካ። ከዚያ «ይሄ አይፈቀድም» ብሎ መንጠቆውን በጥንቃቄ አወጣለትና ጭንቅላቱን ወደ ቀዳዳው አድርጎ ለቀቀው። አንዴ በጭራው ውሃ ረጨን፣ ጠፋ።

ልብ በሉ፤ ድንኳኑ ዝግ ነው። ማንም አያየንም። ጓደኛዬ ግን ለአፍታም አላመነታም።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሐረማያን ሐይቅ ሳስብ ነው የምውለው። እኛ ደጃችን ላይ አንድ ሐይቅ ሞቶ እንደገና እየመጣ ነው። ማስመሪያውን ማን ይዞለታል? ሐሳባችሁን ጻፉ።

---

ለገሃሬ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡41

አቦ፣ አንብቤ ስጨርስ ብርድ ብርድ አለኝ። እዚህ ከተማ ፍሪጅ ውስጥ ካልሆነ በረዶ አይተን አናውቅም!

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ዓሣው እንዴት አይሞትም? ሐይቁ ከረጋ ውስጡም ይረጋል ብዬ ነው የማስበው። ሁለተኛ፣ ያ በረዶ መኪና እንዴት ይችላል? ስንት ሲሆን ነው የሚቻለው?

---

መምህር ዘደንገጎ
እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡20

ልጄ ለገሃሬ፣ የመጀመሪያውን እኔ ልመልስልህ። ብዙ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፤ ተማሪዎቼን በጣም ከሚያስገርማቸው ነገር አንዱ ይሄ ነበር።

አብዛኛው ነገር ሲቀዘቅዝ ይጨማደድና ይከብዳል። ውሃም እስከ 4 ዲግሪ ድረስ እንደዚያ ነው። ከ4 በታች ሲወርድ ግን ይገለበጣል፤ እየቀዘቀዘ በሄደ ቁጥር እየቀለለ ይመጣል። እንግዲህ አየሩ ሲቀዘቅዝ የሐይቁ የላይኛው ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። ከስር ያለው ሞቅ ያለ ውሃ ይወጣል። ይሄ ሐይቁ በሙሉ 4 ዲግሪ እስኪደርስ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ የሚቀዘቅዘው ውሃ ቀላል ስለሆነ መስመጡን ትቶ ላይ ይቀራል። ዜሮ ሲደርስ ይረጋል። በረዶ ራሱ ከውሃ 8 በመቶ ያህል ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ከተሰራ በኋላ ደግሞ ለታችኛው ውሃ ክዳን ይሆንለታል። ላዩ ከዜሮ በታች 20 ሆኖ እንኳ ግርጌው 4 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ዓሣው እዚያ ነው ያለው። ውሃ እንደ ሌላው ነገር ቢሆን ኖሮ ከግርጌው ተነስቶ ወደ ላይ ይረጋ ነበር፤ በነዚያ አገሮች ዓሣ የሚባል ነገር አይተርፍም ነበር።

ዓሣ የገላው ሙቀት እንደ ውሃው ስለሆነ በብርድ ጊዜ እንቅስቃሴው ይቀንሳል፣ ምግብም ብዙ አይፈልግም። የከዚራ ልጅ «የዘንጉ ጫፍ በጣም በትንሹ ጎንበስ አለች» ያለው ለዚህ ነው። በብርድ ጊዜ ንክሻው ለስላሳ ነው።

የሚሞትበት ጊዜ ግን አለ። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ በረዶው ብዙ ከተቆለለ ብርሃን አያልፍም። ውስጥ ያሉት ተክሎች ኦክስጂን ማውጣት ያቆማሉ፣ የበሰበሰው ነገር ደግሞ ያለውን ይጨርሰዋል። ዓሣው ታፍኖ ያልቃል።

---

ድሬ በሚኒሶታ
ሰኞ፣ ከንጋቱ 12፡05

እኔ ነኝ ጓደኛው። እዚህ ገና እሁድ ማታ ነው።

ጋሼ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔ እንኳ ይሄን ያህል አላብራራለትም ነበር። ታፍኖ ያልቃል ያሉት ነገር እዚህ በደንብ ይታወቃል። አንዳንድ ትናንሽ ሐይቆች ላይ የብርዱን ወቅት ሙሉ አየር የሚነፋ ማሽን ያስገባሉ። ማሽኑ ባለበት አካባቢ በረዶው ስስ ስለሚሆን ዙሪያውን ምልክት ያቆማሉ። ምልክት ካያችሁ አትጠጉ።

ወንድሜ ለገሃሬ፣ ስለ ውፍረቱ ልንገርህ። እዚህ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ የሚያወጣው መመሪያ አለ። በእግር ለመሄድ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር። በረዶ ላይ ለሚነዳ ሞተር ከ13 እስከ 18። ለትንሽ መኪና 25 ገደማ። ለመካከለኛ መኪና 30። ለፒክአፕ 33 ገደማ። ይሄ ሁሉ ለአዲስና ጥርት ላለ በረዶ ነው። ነጭ፣ አረፋ የበዛበት በረዶ ጥንካሬው ግማሽ ነው፤ ቁጥሩን ሁሉ እጥፍ አድርገው። እና ደግሞ አንድ ቦታ 40 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሃምሳ እርምጃ አልፎም 40 ነው ማለት አይደለም። ምንጭ ያለበት፣ ወንዝ የሚገባበት፣ ድልድይ ስር፣ ሁሌም ስስ ነው። «መቶ በመቶ አስተማማኝ በረዶ የለም» ይላሉ፤ ልጆቼን ይዤ ስወጣ ይሄን ነው የምደግምላቸው።

ስለ ድምፁ አልጻፍክም ወንድሜ! ትዝ ይልሃል፣ ከሰዓት ላይ ከስራችን ጉምምም ብሎ ሲጮህ?

---

የከዚራ ልጅ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

እንዴት ይረሳል! ሌሊት ከሩቅ እንደሚመጣ የድሮው የድሬ ባቡር ነው ድምፁ። ከአንድ ጫፍ ተነስቶ በእግራችን ስር አልፎ ወዲያ ይሄዳል። እኔ ከባልዲዬ ብድግ አልኩ። እሱ ዘንጉን እየነቀነቀ «አይዞህ፣ በረዶው እየተለጠጠና እየተኮማተረ ነው» አለኝ። ሙቀቱ ሲለዋወጥ ነው እንዲያ የሚጮኸው። ያኔ ቡና ቀዳልኝ፣ ከፔርሙስ። እጄ ሲረጋጋ የልጅነታችንን ወሬ ጀመርን። ብዙ የማናወራውን ነገር ሁሉ ያን ቀን አወራን። አባቱ ሲሞቱ መምጣት አለመቻሉን፣ ወረቀቱ ያኔ ስላላለቀለት። ፊት ለፊት ተቀምጠን ሁለታችንም ቀዳዳውን እያየን ስለሆነ ወሬው ቀለለን።

---

የመጋላ እናት
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ልጆቼ፣ ሰላም ዋላችሁ ወይ? ጽሑፉን ልጄ አነበበልኝ። በጣም ደስ አለኝ፣ አብሮ አደግ እንዲህ ሲፈላለግ።

ዓሣውን እንዴት በላችሁት? በብርዱ ጥሬውን እንዳልበላችሁ ብቻ። እኔ የጅቡቲን ዓሣ ነው የማውቀው፤ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ለውሼ፣ ዱቄት አስነክቼ ነው የምጠብሰው። የበረዶው ዓሣ ጣዕሙ ምን ይመስላል?

---

የከዚራ ልጅ
ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡40

እማዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጥሬ አልበላንም! እዚያው ድንኳን ውስጥ በትንሽ ምድጃ ነው የጠበስነው። ፐርቹን እሱ በስል ቢላዋ ሥጋውን ከአጥንቱ ገፈፈው፣ ዱቄትና ጨው ነካ አደረገው፣ ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ወረወረው። ሚጥሚጣ ከቤት ይዞ መጥቷል። ሥጋው ነጭ፣ ጠበቅ ያለ፣ ትንሽ ጣፈጥ ያለ ነው። የዓሣ ሽታ የሚባል ነገር የለውም። ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ሥጋው ይጠነክራል አለኝ። ሎሚ ግን አልነበረንም፤ እንደ እርስዎ ቢሠራ ደግሞ እንዴት እንደሚጣፍጥ!

---

ሳቢያን ነርስ
ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡05

ደስ የሚል ውሎ ነው። እንደ ሙያዬ ግን ሁለት ነገር ሳልል አላልፍም፣ ምክንያቱም እዚህ ክር ላይ ወደ ውጭ የሚሄዱ ልጆች አሉ።

አንደኛ፣ ዝግ ድንኳን ውስጥ የጋዝ ማሞቂያና ምድጃ። እኛ አገር ሰው በከሰል ጭስ እንቅልፍ ላይ እንዳለ የሚሞትበት ነገር እዚያም አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ከተሰማችሁ ወዲያው ውጡ። ድንኳኑ ከላይም ከታችም አየር ማስገቢያ ክፍት ይሁን። እዚያ በባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ይሸጣል፤ ዋጋው ውድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ውሃ ውስጥ መግባት። ሰው ወዲያው በብርድ የሚሞት ይመስለዋል። እውነቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ ያኔ ዋናው ሥራ ጭንቅላትን ከውሃ በላይ አድርጎ ትንፋሽን ማረጋጋት ነው። ከዚያ እጅና እግር በደንብ የሚታዘዙበት 10 ደቂቃ ያህል አለ። ሰው በብርዱ ራሱን እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ጊዜ አለ፣ አትደናገጡ። የመጣችሁበትን አቅጣጫ ዙሩ፤ እስካሁን ችሏችሁ የነበረው በረዶ እሱ ነው። አንገት ላይ ያሉትን ሹሎች ሰኩ፣ እግራችሁን እየመታችሁ በሆዳችሁ ውጡ። ከወጣችሁ በኋላ አትቁሙ። ተኝታችሁ እየተንከባለላችሁ ራቁ።

---

ድሬ በሚኒሶታ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። በሙሉ ልክ ነው። የኛ ድንኳን ውስጥ ማስጠንቀቂያው ነበር፣ ከጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ። ጓደኛዬ መብራት መስሎት ይሆናል።

---

የአወዳይ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

እኔ በበረዶው ላይ ብዙ አልልም። የከዚራ ልጅ መጨረሻ ላይ የጠየቀው ጥያቄ ነው ያስቆመኝ።

ሐረማያ ስትባል ሁሉም ሰው ጣቱን ወደ ገበሬው ይቀስራል። «ጫት አጠጥተው አደረቋት» ይባላል። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ፓምፑ ብዙ ውሃ እንደወሰደ አልክድም። ግን አባቴ ሌላ ምን ውሃ ነበረው? ከዚያው ሐይቅ የሐረር ከተማ ለረጅም ዓመታት ጠጥታለች። ሐረማያ ከተማም፣ ዩኒቨርሲቲውም ጠጥተዋል። ዙሪያው ያለው ተራራ ራቁቱን ስለቀረ ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩ እየታጠበ ሐይቁ ውስጥ ገባ፤ ጥልቀቱ እየሞላ ሄደ። ሁላችንም ነን። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ መሬቱ ተሰንጥቆ ከብት ሲሄድበት ያየነው የሁላችንም እጅ ስላለበት ነው።

አሁን ውሃው ተመልሷል። ከድሬ ወደ ሐረር ስታልፉ ታዩታላችሁ። ወፉም ተመልሷል። ልጆች ዳሩ ላይ መንጠቆ ሲጥሉ አያለሁ። የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ ደቃቅ ቀዳዳ ያለው መረብ፣ አንዳንዱ ደግሞ የወባ አጎበር ይዞ ይመጣል። ጣት የማታክል ዓሣ ሁሉ ጠራርጎ ነው የሚወስደው። ጓደኛህ ያን ትልቅ ዓሣ ለክቶ የለቀቀው ምን ብሎ ነው? እሱን በደንብ አስረዳኝ። ለሰፈሬ ልጆች መንገር እፈልጋለሁ።

---

ድሬ በሚኒሶታ
ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11፡50

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልቤን ነካው። በደንብ ልመልስልህ።

እዚህ ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ ትገዛለህ። ነዋሪ ከሆንክ ርካሽ ነው፣ እንግዳ ከሆንክ ይጨምራል፤ ለእንግዳ ደግሞ የአንድ ቀን፣ የጥቂት ቀናት ፈቃድ አለ። ለጓደኛዬ የገዛሁለት እንዲህ ያለውን ነው። ያ ገንዘብ ተመልሶ ለዓሣው ነው የሚውለው። ሐይቁን ያጠናሉ፣ ዓሣውን ይቆጥራሉ፣ በሚያስፈልገው ቦታ ጫጩት ዓሣ ይለቃሉ። በረዶ ላይ አንድ ሰው ከሁለት ክር በላይ መጣል አይችልም። ለእያንዳንዱ የዓሣ ዓይነት በቀን ስንት እንደሚያዝ ተጽፏል። ዎልአይ ደግሞ በአብዛኛው ሐይቅ ላይ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስ ይዘጋል። እንቁላል የሚጥልበት ጊዜ ስለሆነ ነው።

ሚል ላክስ ላይ ሕጉ ከሌላው ሐይቅም ይጠብቃል። እዚያ የዎልአዩ ቁጥር ወርዶ ነበር። ስለዚህ ይዘህ የምትሄደው ጥቂት ነው፤ እሱም ርዝመቱ የተፈቀደው ከሆነ ብቻ። ሐይቁን ክልሉ ብቻውን አያስተዳድረውም። የአገሩ ባለቤት የሆኑት የኦጂብዌ ሕዝቦች አሉ። በድሮ ውል የተሰጣቸው የማጥመድ መብት አላቸው፤ ክልሉ ይሄን ሲከራከር ቆይቶ በ1999 እንደ ፈረንጆቹ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእነሱ ፈረደ። አሁን በየዓመቱ ቁጭ ብለው ስንት ዓሣ ይያዝ፣ ለማን ስንት ይድረስ ብለው ይስማማሉ። ክርክሩ አላለቀም፣ የሚያጉረመርም ሞልቷል። ሐይቁ ግን ዛሬም ዓሣ አለው።

የለቀቅነው ዓሣ ትልቅ ነበር። ትልቅ ሴት ዓሣ እንቁላሏ ብዙ ነው። አንዷን ዛሬ ከበላሃት ከርሞ የሚወለዱትን በላሃቸው ማለት ነው። ለልጆቹ ይሄን ንገራቸው።

---

ጀጎል ማዶ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡45

እኔ ሐረር ነኝ። ሐይቁ ሲደርቅ እኛ ጀጎል ውስጥ ምን እንዳየን ለማያውቅ ልንገር። ቧንቧው ለሳምንታት ይጠፋል። ጄሪካን በአህያ ይመጣል፤ የሚገዛው ያለው ሰው ብቻ ነው። እናቴ ሌሊት ተነስታ ወረፋ ትይዝ ነበር። ልብስ የታጠበበት ውሃ ለመጸዳጃ ይቀመጣል። በኋላ ከድሬዳዋ በኩል ከጉድጓድ በቧንቧ ውሃ ተሳበልን፤ እሱም ቢሆን በየጊዜው ይቆራረጣል።

ስለዚህ ለእኔ ሐረማያ የሽርሽር ጉዳይ አይደለም። የአወዳይ ልጅ የጻፈውን አከብራለሁ፤ «ሁላችንም ነን» ያለው እውነት ነው። የከተማ ሰው ቧንቧ ከፍቶ ሲረሳው ሐይቁን አያስበውም ነበር።

የጋሼ መምህርን ሐሳብ ደግሞ መስማት እፈልጋለሁ፤ እርስዎ ሐረማያ ተምረው የለ?

---

መምህር ዘደንገጎ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡30

ተምሬያለሁ ልጄ። ኮሌጅ በነበረበት ዘመን። ዓለማያ ነበር ያኔ ስሙ። ሐይቁ ሰፊ ነበር። በህዳርና በታህሳስ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ስንወጣ ሳሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ነው። አንዱ ጓደኛችን «አንድ ቀን ይሄ ሐይቅ ይረጋል» ይል ነበር። አይረጋም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቀኑ ይሞቃል፣ ያን ሁሉ ውሃ ወደ 4 ዲግሪ የሚያወርድ ብርድ የለንም። እሁድ እሁድ መንጠቆ ይዘን ዳሩ ላይ እንቀመጥ ነበር። አብሮኝ ይቀመጥ የነበረው ጓደኛዬ ዛሬ በሕይወት የለም።

ሕግ የለንም እንዳትሉ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባል አለን። ገበያ ለማውጣት የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል፣ ስለ ማጥመጃ መሣሪያም ይናገራል። ወረቀቱ አለ። ዳሩ ላይ ቆሞ የሚያነበው ነው የጠፋው።

እኔ የምለው ይሄ ነው። ሚኒሶታ ያለው ልጃችን ዝግ ድንኳን ውስጥ ዓሣውን የለቀቀው ፖሊስ ፈርቶ አይደለም። ሐይቁ የእሱም እንደሆነ ስላመነ ነው። የፈቃዱ ብር ለምን እንደዋለ ያያል፣ ልጆቹም ነገ እዚያው እንደሚያጠምዱ ያውቃል። የእኛ ገበሬና የእኛ ልጅ ይሄን እምነት ከየት ያመጣዋል? ፓምፑን ከዳሩ አርቅ ስትለው ሌላ ውሃ ካላሳየኸው አይሰማህም፣ መስማትም የለበትም። ተራራው ላይ እርከን ከተሠራ፣ ዛፍ ከተተከለ፣ ዳሩ ላይ እርሻ ካልገባ፣ ከዚያ ነው ስለ መረብ የምናወራው። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም።

---

የአወዳይ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡55

ጋሼ፣ እንደዚህ ብሎ የሚያወራልን ሰው ነው ያጣነው። እርከን ሥራው እኛ ቀበሌ ተጀምሯል። የሚሠራው ግን ዘመቻ ሲኖር ነው፤ ዘመቻው ሲያልቅ ከብት ይገባበታል። አጎቴ የራሱን ማሳ በራሱ ጉልበት አጥሮ ሦስት ዓመት ከብት ከልክሎ ሳሩ ወገቡ ድረስ ደርሷል። አፈሩ ቆሟል። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። መረቡን በተመለከተ ግን እኔ ራሴ ከሰፈር ልጆች ጋር እነጋገራለሁ። ማስመሪያ አይገዙም፤ እንጨት ላይ ቆርጬ ምልክት አደርግላቸዋለሁ፤ ከዚህ ካነሰ ወደ ውሃው ይመለሳል።

---

ለገሃሬ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

አቦ፣ ይሄ ክር የት ጀምሮ የት ደረሰ! የከዚራ ልጅ፣ አንድ ቅዳሜ ሐረማያ እንውጣ። መኪና እኔ አመጣለሁ። መንጠቆ የለኝም።

---

የከዚራ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡52

እኔ አለኝ፤ ጓደኛዬ ሲሸኘኝ ሁለት አጫጭር ዘንግና አንድ ሳጥን መንጠቆ ሻንጣዬ ውስጥ ከቶልኛል። ለበረዶ የተሠሩ ቢሆኑም ዳር ላይ ለተቀመጠ ሰው ይሠራሉ። ጋሼ መምህር፣ ጤናዎ ከፈቀደልዎ እርስዎንም ከደንገጎ እናነሳዎታለን። የአወዳይ ልጅ፣ በየት በኩል ብንመጣ ይሻላል?

---

የአወዳይ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

በጠዋት ኑ፣ ከ2 ሰዓት በፊት። ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። መኪናችሁን አስፋልቱ ዳር አቁሙና በእግር ውረዱ፣ ዳሩ ጭቃ ነው፤ ጎማ ይውጣል። ቆሮሶ ዓሣ ትል ይወዳል፣ ትሉን እኔ አዘጋጃለሁ። ለጋሼ መቀመጫ ከቤት አመጣለሁ። ከመምጣታችሁ በፊት በነበረው ቀን እዚሁ ጻፉልኝ።